ስብሰባው ቢሰረዝ ቃላችን አይሰረዝ



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ብዙዎቻችን በአጭሩ «ዙም» የምንለውን፣ በኢንተርኔት አማካይነት በቪዲዮ የሚደረገውን ስብሰባ መሰረዝ ወይም ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ግድ ሲሆን ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም ከጀርባው የሰው ጊዜ፣ የሰው ገንዘብና ከሁሉ በላይ የተሰጠ ቃል ስላለ፣ በዝርዝር ልንመለከተው ይገባል።

እንደሚታወቀው በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ጉባኤዎች ታገዱ፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። በዚያን ጊዜ አብያተ ክርስቲያናትና የዕርዳታ ድርጅቶች ሥራቸው እንዳይቆም ወደ ቪዲዮ ስብሰባ ፊታቸውን አዞሩ። በሽታው ጋብ ካለ በኋላም ልማዱ አልቀረም። የአውሮፕላንና የነዳጅ ወጪ ቀንሷል፤ በገጠር ያለው የፕሮጀክት አስተባባሪና በውጭ አገር ያለው ደጋፊ ፊት ለፊት ሊነጋገሩ ችለዋል። ስለዚህ ነገር እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን ስብሰባ መጥራት በቀለለበት መጠን ስብሰባ መሰረዝም ቀሏል። ቀድሞ ሰው ሦስት ቀን ተጉዞ የሚመጣበትን ጉባኤ ማንም በቀላሉ አያፈርሰውም ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ጣት ንክኪ ይፈርሳል።

ስረዛው በማን ላይ ይወድቃል?

በከተማ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ስብሰባውን ለሚሰርዘው ሰው ጉዳዩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በሌላው ጫፍ ላለው ሰው ግን እንዲህ አይደለም።

እስቲ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ የሚያገለግል አንድ የፕሮጀክት አስተባባሪ በሐሳባችን እንያዝ። በስብሰባው ለመገኘት ወደ ወረዳው ከተማ መሄድ አለበት። ከዋዜማው መብራት ባለበት ቤት ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል። ካርድ ይሞላል፤ የኢንተርኔት ፓኬጅም ይገዛል፤ ጥራት ያለው የቪዲዮ ስብሰባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ1 ጊጋ ባይት በላይ ሊወስድ ይችላልና። ብቻውንም አይደለም። የአጥቢያው ወንጌላዊ፣ የሴቶች ማኅበር ተወካይዋና የዕርዳታ ኮሚቴው ሽማግሌዎች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው ይጠባበቃሉ። ከመካከላቸው የገበያ ቀኗን የተወች አለች፤ በሬውን ፈትቶ የመጣም አለ። ሰዓቱ ደርሶ ሊንኩን ሲከፍቱ ማንም የለም። ስብሰባው ከሁለት ሰዓት በፊት ተሰርዟል፤ መልእክቱ ግን እነርሱ ወደማይከፍቱት ኢሜይል ተልኳል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖችም የራሳቸው ችግር አለባቸው። በአዲስ አበባ የምሽት ስብሰባ ሲደረግ በዋሽንግተን ረፋድ ወይም ቀትር ነው፤ ስለዚህ በዚያ ያለው ምእመን ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ይቀመጣል። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን በሳምንት ውስጥ ያላት ነፃ ጊዜ አንድ ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ላይ ሁለት ሰዓት ቆርሳ ለእግዚአብሔር ሥራ መድባለች። ይህን ጊዜ መልሶ ሊሰጣት የሚችል ማንም የለም።

ከዚህም ሌላ የስብሰባው ጉዳይ ራሱ አለ። በደጋው አገር ጤፍ በአብዛኛው በሐምሌ ይዘራል። ዘሩ በወቅቱ ከገበሬው እጅ እንዲገባ ግዥው በግንቦት መወሰን ካለበት፣ የግንቦቱ ስብሰባ «ሌላ ጊዜ እናደርገዋለን» ተብሎ ቢቀርና ሌላው ጊዜ ሳይቆረጥ ሰኔ ቢያልፍ፣ ዝናቡ እኛን አይጠብቅም። ዘግይቶ የተገዛ ዘር በመጋዘን ያድራል፤ ዘር ያጣው ቤተ ሰብም በሚቀጥለው ዓመት የዕህል ዕርዳታ ለማኝ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጉዳት የሚመጣው ስብሰባው በመሰረዙ ብቻ ሳይሆን ያለ ቀጠሮ በመሰረዙ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ዕቅዱን ሲለውጥ

ቀጠሮ መለወጥ በራሱ ኀጢአት አይደለም። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሊሄድ አስቦ፣ ከዚያም ወደ መቄዶንያ ተሻግሮ እንደ ገና ወደ እነርሱ ሊመለስ ዐቅዶ ነበር። ዕቅዱ ግን ተለወጠ። በዚህም ምክንያት በእርሱ ላይ ነቀፋ ተነሣ፤ አንድ ጊዜ አዎን፣ አንድ ጊዜ አይደለም የሚል ቃሉ የማይጨበጥ ሰው ነው የሚል ሐሜት እንደ ነበረ ከመልሱ እንረዳለን።

ሐዋርያው ምን አደረገ? በመጀመሪያ ዝም አላለም፤ ጻፈላቸው። ቀጥሎም ለምን እንዳልመጣ በግልጽ አስረዳ፤ ሊራራላቸው ፈልጎ እንጂ ንቆአቸው አለመሆኑን ነገራቸው። ሦስተኛም በአካል ባይሄድም ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ ደብዳቤ ላከ፤ ቲቶም በመካከላቸው አገለገለ። ደግሞም የእርሱ ጉዞ ቢለወጥ እንኳ የእግዚአብሔር ተስፋ በክርስቶስ የጸና መሆኑን አስገነዘባቸው። እንግዲህ መናገር፣ ምክንያትን ማስረዳትና ሥራው የሚቀጥልበትን ሌላ መንገድ ማበጀት ከዚህ የምንማራቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። ስለ ቪዲዮ ስብሰባ የምንሰጠው ምክር ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ የራቀ አይደለም።

ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በአራተኛው ምዕራፍ ስለ ነገ ስንናገር የጌታን ፈቃድ እንድናስብ ያስተምራል። ይሁንና «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚለውን አነጋገር ለቸልተኝነት መሸፈኛ ልናደርገው አይገባም። ነገን የማናውቅ መሆናችን ዛሬ የምናውቀውን ለወንድማችን በጊዜው ከመንገር ነፃ አያወጣንም።

ከመሰረዝ በፊት ሦስት ጥያቄዎች

ስብሰባውን የጠራው ሰው ከመሰረዙ በፊት ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦

1ኛ/ በእርግጥ መሰረዝ ያስፈልጋልን? አንድ ሰው ብቻ ባለመገኘቱ የሚፈርስ ስብሰባ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ሰብሳቢነት ሊካሄድ ይችላል። ሰብሳቢው ቢታመም ምክትሉ ይምራ። ለዚህም እንዲረዳ ስብሰባው ገና ሲጠራ ምክትል ሰብሳቢ አብሮ ቢሰየም መልካም ነው። በዙም ላይ ለሌላ ሰው የአስተናጋጅነት ሥልጣን አስቀድሞ መስጠት በአንዳንድ የክፍያ ዓይነቶች ስለሚቻል፣ ድርጅቱ ያለው አካውንት ይህን ይፈቅድ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል።

2ኛ/ ሊጠብቅ የማይችል ጉዳይ አለን? ከአጀንዳው ውስጥ የዘር ግዥ፣ የዕህል ዕደላ፣ የታመመ ሕፃን ወደ ሆስፒታል መላክ የመሰለ ነገር ካለ፣ ስብሰባው ቢቀርም ያ ጉዳይ ብቻውን ተለይቶ በስልክ ጥሪ ወይም በጽሑፍ ስምምነት በዚያው ቀን ይወሰን። የቀረው ጉዳይ እስከ ሌላው ቀጠሮ ሊቆይ ይችላል።

3ኛ/ አዲሱ ቀን መቼ ነው? ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የስረዛ መልእክት ባይላክ ይመረጣል። ቀኑን ፈጽሞ መቁረጥ ካልተቻለ፣ «አዲሱን ቀን እስከ ዐርብ ማታ እናስታውቃለን» ማለት ይቻላል። ዐርብም ሲደርስ ቀኑ ባይገኝ እንኳ አለመገኘቱ ይነገር።

ስለ ጊዜው ደግሞ፣ ከገጠር ተሰብሳቢዎች ያሉበት ስብሰባ ቢቻል ከሁለት ቀን በፊት ይሰረዝ እንላለን። ከዚህ ያነሰ ጊዜ ከቀረ ሰዎቹ መንገድ ጀምረው ሊሆን ስለሚችል፣ በጽሑፍ መልእክት ላይ ብቻ መተማመን አይበቃም።

በመሣሪያው ላይ እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በቅድሚያ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባን ነገር አለ፤ ስብሰባን ሊሰርዝ የሚችለው የጠራው ሰው ወይም እርሱ ሥልጣን የሰጠው ብቻ ነው። ተጋባዥ የሆነ ሰው ስብሰባውን ከራሱ ካሌንደር ላይ ቢያጠፋ ከእርሱ ስልክ ላይ ይጠፋል እንጂ ለሌሎቹ አይሰረዝም። ስለዚህ መገኘት የማይችል ተጋባዥ ለጠሪው ሊነግር ይገባዋል እንጂ ማጥፋቱ ብቻ መልስ አይሆንም።

ሀ/ ዙም። ጠሪው ወደ አካውንቱ ገብቶ የወደፊት ስብሰባዎች ከተዘረዘሩበት ቦታ ስብሰባውን ይመርጣል። ቀኑን ለመለወጥ ማረሚያውን ተጭኖ አዲሱን ቀንና ሰዓት ያስገባል፤ ፈጽሞ ለመሰረዝ ደግሞ ማጥፊያውን ይጫናል። በዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ትልቅ ልዩነት አለ። ቀኑን በማረም የተዛወረ ስብሰባ የቀድሞ ቁጥሩና ሊንኩ አይለወጥም፤ ተሰርዞ እንደ አዲስ የተጠራ ስብሰባ ግን አዲስ ሊንክ ይኖረዋል። ሊንኩ ከተለወጠ በየቴሌግራሙ የተበተነው አሮጌ ሊንክ ሰዎችን ወደ ባዶ በር ይመራቸዋል። ስለሆነም ማዛወር ሲቻል ማረም ከመሰረዝ ይሻላል። በስሕተት የጠፋ ስብሰባ በሰባት ቀን ውስጥ ከዙም ድረ ገጽ ላይ ሊመለስ እንደሚችልም እናስታውሳለን።

ዙም ያለ ክፍያ ለሚጠቀም ሰው እስከ 100 ተሰብሳቢ ይፈቅዳል፤ ጊዜውም 40 ደቂቃ ነው። በሁለት ስብሰባ የሚታየውን ጉዳይ ጨምሮ በአንዱ ለመጨረስ የሚያስብ ሰው ይህን ገደብ አይርሳ።

ለ/ ጉግል ሚት። የጉግል ሚት ስብሰባ በጉግል ካሌንደር ላይ ተይዞ እንደ ሆነ፣ ጠሪው ከካሌንደሩ ሲያጠፋው ለተጋባዦች የስረዛ ኢሜይል ይላክ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ይላክ ብሎ መልስ መስጠትና ከተፈቀደው ቦታ ላይ ምክንያቱን በአጭሩ መጻፍ ይገባል። አይላክ ካለ ግን ሌሎቹ የሚያውቁበት መንገድ የለም።

ሐ/ ማይክሮሶፍት ቲምስ። በዚህኛውም ጠሪው ካሌንደሩን ከፍቶ ስብሰባውን ይመርጥና መሰረዣውን ይጫናል፤ የስረዛ መልእክትም ጽፎ ይልካል።

በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚደገም ስብሰባ ሲሆን በሦስቱም ዘንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መሣሪያው «ይህን አንዱን ብቻ ነው ወይስ ሁሉንም?» ብሎ ይጠይቃል። ሳያነቡ «ሁሉንም» መጫን የዓመቱን የጸሎት ስብሰባ ሁሉ ከሰው ካሌንደር ላይ ይጠርጋል።

መልእክቱ ለማን ይድረስ? ምንስ ይጻፍበት?

በካሌንደር የሚላክ የስረዛ ማስታወቂያ ኢሜይል ለሚከፍት ሰው ብቻ ይጠቅማል። በአገራችን ግን አብዛኛው ሰው ሊንኩን የሚቀበለው በቴሌግራም ቡድን ነው። ስብሰባውን ከዙም ላይ ማጥፋት በቴሌግራም ሊንኩን ላገኙት ሰዎች ምንም አይነግራቸውም። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይሁን፤ ጥሪው በሄደበት መንገድ ሁሉ ስረዛውም ይሂድ። በኢሜይል ከተጠራ በኢሜይል፣ በቴሌግራም ከተጠራ በቴሌግራም፣ በጸሎት ቤት መድረክ ከተነገረ እዚያው መድረክ ላይ ይነገር።

ከመልእክቱ ላይ የሚከተሉት ነገሮች አይጉደሉ፤ የትኛው ስብሰባ እንደ ሆነ፣ መሰረዙ ወይም መዛወሩ፣ ምክንያቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ አዲሱ ቀንና ሰዓት፣ ሊንኩ የቀድሞው ወይም አዲስ መሆኑ፣ በመጨረሻም መልስ የሚጠበቅ መሆኑ። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለዘር ግዥ ኮሚቴ አባላት በሙሉ። ለሐሙስ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተጠርቶ የነበረው የዙም ስብሰባ በመብራት መቋረጥ ምክንያት ተዛውሯል። አዲሱ ቀን ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆች ኖቬምበር 18 ቀን 2025) ሲሆን፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 11፡00፣ በፍራንክፈርት 17፡00 ነው። ሊንኩ የቀድሞው ነው። ስለ ደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። መልእክቱ የደረሳችሁ ‹ደርሶኛል› ብላችሁ መልሱልን።»

በተራ የስልክ መልእክት ለሚላክለት ሰው ደግሞ ማሳጠር ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት 160 ፊደላት ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 70 ብቻ ይይዛል። ከዚያ ቢያልፍ ተከፋፍሎ ይላካል፤ ክፍያውም ይጨምራል። ስለዚህ «የሐሙሱ ዙም ተሰርዟል። አዲሱ ማክሰኞ ኅዳር 9 ከምሽቱ 1 ሰዓት። ደርሶኛል ይበሉ።» ቢባል ፍሬ ነገሩ ሁሉ በአንድ መልእክት ውስጥ ይገባል።

«ደርሶኛል» ያላለ ሰው እንዳልሰማ ይቆጠር፤ በስልክም ይደወልለት። በተለይም ለሽማግሌዎችና ለአረጋውያን አገልጋዮች በጽሑፍ ብቻ ማስታወቅ ከአክብሮት ጉድለት ሊቆጠር ይችላል። «አባታችን፣ ስላስቸገርንዎ ይቅርታ፤ የሐሙሱ ስብሰባ ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል» ብሎ በድምፅ መንገር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከገጠር ለሚመጡት የሚደውለው ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ በስም ይወሰን፤ «አንዱ ይነግራቸዋል» የተባለ ነገር ብዙ ጊዜ በማንም አይነገርም።

ምክንያት ስንጽፍ እውነቱን እንጻፍ፤ ነገር ግን የሰውን ምሥጢር አንግለጥ። ስብሰባው የቀረው አንድ ወንድም ስለ ታመመ ወይም በቤቱ ለቅሶ ስላለ ከሆነ፣ ፈቃዱ ሳይጠየቅ በቡድን ላይ አይጻፍ። ፈቃዱ ከተገኘ ግን ይነገር፤ ምእመናን ይጸልያሉ፤ ቤቱም ሄደው ያጽናናሉ።

ቀኑና ሰዓቱ እንዳያሳስት

ከተዛወሩ ስብሰባዎች መካከል ብዙዎቹ የሚበላሹት በሰዓትና በቀን አቆጣጠር ልዩነት ነው። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አንደኛው የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለውን ሌላው ዓለም 9 ሰዓት ይለዋል። «በ3 ሰዓት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ መልእክት በውጭ ላለው ሰው ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ሊመስለው ይችላል፤ ያ ደግሞ በእኛ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ወይም «በፈረንጆች አቆጣጠር» ተብሎ ይጻፍ። ደግሞም እኩለ ሌሊት አካባቢ ስብሰባ አንጥራ፤ እኛ «እሑድ ሌሊት 8 ሰዓት» የምንለውን ሌላው ሰኞ ብሎ ስለሚቆጥረው አንዱ በአንድ ቀን፣ ሌላው በሌላ ቀን ይጠብቃል።

ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። መስከረምን «ሴፕቴምበር» ብሎ መተርጎም የተለመደ ሲሆን፣ መስከረም 20 ግን በአብዛኛው ዓመት ሴፕቴምበር 30 ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ባለው ዓመት ደግሞ ኦክቶበር 1 ይሆናል። የወሩን ስም ብቻ ቀይሮ ቁጥሩን እንዳለ የሚተው ሰው ዐሥር ቀን ያህል ይሳሳታል። መፍትሔው ሁለቱንም ቀን መጻፍና የሳምንቱን ዕለት አለመርሳት ነው። «ማክሰኞ» የሚለው ቃል በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ነውና፣ ቁጥሩ ቢሳሳት እንኳ ዕለቱ ስሕተቱን ያሳያል።

ሦስተኛው በውጭ አገር ሰዓት የሚለወጥ መሆኑ ነው። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። በአሜሪካ ግን ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ በአውሮፓ ከማርች የመጨረሻው እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ሰዓት በአንድ ወደ ፊት ይገፋል። በዚህም ምክንያት በኢትዮጵያ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚደረግ ስብሰባ በዋሽንግተን በክረምታቸው ከጠዋቱ 11፡00፣ በበጋቸው ከቀኑ 12፡00 ይሆናል። በፍራንክፈርት በክረምታቸው 17፡00፣ በበጋቸው 18፡00 ነው። በለንደን 16፡00 ወይም 17፡00፣ በኢየሩሳሌም 18፡00 ወይም 19፡00 ይሆናል። በሪያድ ከእኛ ጋር አንድ ሲሆን፣ በዱባይ ደግሞ ሁልጊዜ 20፡00 ነው። በማርች ወር አሜሪካ ሰዓቷን ለውጣ አውሮፓ ገና ባልለወጠችባቸው ሳምንታት ልዩነቱ ስለሚዛነፍ፣ በነዚያ ሳምንታት የሚደረግ ስብሰባ እንደ ገና ተሰልቶ ይነገር።

በየሳምንቱ የሚደገም ስብሰባ ሲጠራም ሰዓቱ በየትኛው አገር እንደ ተያዘ ይታወቅ። በዋሽንግተን ሰዓት የተያዘ ስብሰባ በዓመት ሁለት ጊዜ ለእኛ በአንድ ሰዓት ይዛወራል፤ ማንም ሳይሰርዘው ወይም ሳያዛውረው ማለት ነው። በእኛ ሰዓት ከተያዘ ግን የሚዛወረው በዚያ ላሉት ነው።

አዲስ ቀን ስንመርጥም የሌላውን በዓል እናስብ። ደጋፊዎቻችን ገናን ዲሴምበር 25 ሲያከብሩ እኛ ጃንዋሪ 7 እናከብራለን። በመካከሉ ባሉት ሁለት ሳምንታት አንዱ ወገን ሲመለስ ሌላው ይሄዳል። የትንሣኤ በዓልም በብዙ ዓመት በተለያየ ሳምንት ይውላል። የገጠሩን የገበያ ቀንም እንደ በዓል ቆጥረን ብንተወው ተሰብሳቢ አናጣም።

ሳይሰረዝ የቀረ ስብሰባ

አንዳንድ ጊዜ ስብሰባውን የሚያፈርሰው ሰው ሳይሆን መስመሩ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ወደ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነበር። በትግራይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ስልክም ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በዚያ ያለው አገልጋይ «አልችልም» ብሎ ለመላክ እንኳ መንገድ የለውም።

ስለዚህ መስመሩ ደኅና በሆነበት ጊዜ አስቀድሞ ስምምነት ይደረግ። ለምሳሌ የሚከተሉትን መስማማት ይቻላል። ሰብሳቢው በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልገባ ስብሰባው እንደ ተሰረዘ ይቆጠር። ያን ዕለት ያልተደረገ ስብሰባ ሌላ ማስታወቂያ ሳይጠበቅ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ዕለትና ሰዓት ይሁን። ኢንተርኔት ሳይኖር ስልክ ብቻ ካለ የኮሚቴው ጸሐፊ ለእያንዳንዱ ደውሎ ሐሳቡን ይመዝግብ። ስልክም ከሌለ የአጥቢያው ኮሚቴ እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን ድረስ በራሱ ወስኖ ሥራውን ይቀጥል፤ መንገድ ሲከፈት ሪፖርት ያቅርብ። ይህ የመጨረሻው በቃለ ጉባኤ ተጽፎና ተፈርሞ መቀመጥ ይገባዋል፤ አለዚያ በችግር ቀን የተራበውን ለማብላት የወሰነው ወንድም በሰላም ቀን እንደ ጥፋተኛ ሊጠየቅ ይችላል።

ለደጋፊዎቻችንና ለሠራተኞቻችን

በውጭ አገርና በከተማ ላላችሁ ወገኖቻችን የምንለው አለን። ስክሪናችሁ ፊት ተቀምጣችሁ ከገጠር ማንም ሳይገባ ቢቀር፣ ፈጥናችሁ በቸልተኝነት አትተርጉሙት። ምናልባት መብራት ጠፍቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ወንዝ ሞልቶ ይሆናል። በዚያች ሰዓት የመደባችሁትን ጊዜ ለእነርሱ በመጸለይ ብታሳልፉት ከንቱ አይቀርም። ከዚያም በማግስቱ በስልክ ጠይቋቸው። ዝም ብሎ መቀየም ለሁለቱም ወገን አይበጅም።

በፕሮጀክት ለምታገለግሉ ደግሞ እንዲህ እንላለን። ደጋፊዎች የሚሰጡት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከገንዘቡ ጋር እምነታቸውን ጥለውብናል። ቀጠሮ ሲፈርስ ሳይነገራቸው ሲቀር፣ በትንሹ ያልታመንን ሰዎች በብዙ እንዴት እንታመናለን ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ተነግሮአቸው፣ ምክንያቱ ተገልጦላቸው፣ አዲስ ቀን ተቆርጦላቸው ሲያዩ ግን ከተደረገ ስብሰባ ያላነሰ መተማመን ያድርባቸዋል። የገጠሩም ኮሚቴ እንደዚሁ ነው። እርሱም ሰው ነው፤ ጊዜውም እንደ ማንኛችንም ጊዜ የተከበረ ነው። በትልቅ ጽሕፈት ቤት ያለ ሰው ለውጭ አገር ደጋፊ በሦስት ቋንቋ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለቀበሌው ሽማግሌ ግን ሳይደውል ቢቀር አድልዎ ይሆናል።

እንግዲህ በየፕሮጀክቱ ያላችሁ በሚቀጥለው የሠራተኞች ስብሰባ ይህን ጽሑፍ አብራችሁ አንብባችሁ ሦስት ነገር እንድትወስኑ እናሳስባለን፤ ስረዛ ሲኖር ለማን ማን እንደሚደውል፣ መስመር ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ፣ እንዲሁም ሊጠብቁ የማይችሉ ጉዳዮች የትኞቹ እንደ ሆኑ። የወሰናችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በየማኅበረ ምእመናኑ ያላችሁም በዙም የምታደርጉት የጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስብሰባ በዚሁ ሥርዐት ቢመራ ይጠቅማችኋል።

ቃሉን የማይለውጥ አምላክ እኛንም ቃላችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አገልግሎታችሁን ይባርክ፤ የዘራችሁትንም ያብቅል። አሜን።